ከጎልቦ የመጡት እናት

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ገብቼ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል "የት ያምዎታል? መቼ ጀመረዎት? ያስመልስዎታል?" ብሎ ባንድ ትንፋሽ ሲያዋክበኝ ደሜ ፈላ። ይህን ዓመል ለማስተው ከሃያ ዓመት በፊት ሞያሌ ላይ ስንት ደክሜያለሁ።

ያኔ በኬንያው በኩል በአባቴ ሱቅ ጨርቅ እሸጥ ነበር። ከናይሮቢ የሕክምና ተማሪዎችን ይዘው የመጡ አንዲት ዶክተር፣ ኦሮምኛም ስዋሂሊም ስለምችል፣ በሽተኛ መስዬ እንዳለማምዳቸው ለመኑኝ። በጋ ነበር፤ የጭነት መኪኖች አቧራ የምንለማመድበትን የክሊኒክ ጠረጴዛ አልብሶት ይውላል። ሦስት ቀን ሙሉ ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። ኬቪን የሚባለው ረጅሙ ተማሪ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ከወረቀቱ ያነባል። ማንዳዚ የሚሉትን ብስኩት እየገመጠ የጠየቀኝም ጊዜ አለ።

"እዚህ አገር ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ሳትጠይቀው ሰው ሕመሙን አይነግርህም። ስንቴ ልንገርህ?" አልኩት።

"እውነተኛ በሽተኛ ሲመጣ ወረፋው እስከ በር ነው እኮ" አለኝ።

"ጀማል ልክ ነው፤ እንደገና ጀምር" አሉት ዶክተሯ። እኔም እንደገና ታመምኩ።

በአራተኛው ቀን እውነተኛ በሽተኛ መጡ፤ ከጎልቦ ቆላ በቦዳቦዳ ሞተር ተጭነው የመጡ እናት። ትኩሳቱ ሄድ መጣ እያለ ሁለት ወር አሰቃይቷቸዋል፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚራመዱት። ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስደው አልተሻላቸውም።

"ዛሬም ያንኑ ከሰጣችሁኝ ቤቴ ተኝቼ እሞታለሁ እንጂ አልመለስም" አሉ።

አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ኬቪን "ፖሌ ማማ" ብሎ አይዞዎት ካላቸው በኋላ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቀ። በልቤ እሰይ አልኩ። እሳቸው ግን ስለ ግመሎቻቸው ጀምረው አላቆም አሉ። የምሳ ሰዓት አልፏል፣ ክፍሉ ይፋጃል፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ትኩሳት አለኝ ነው የሚሉት" ብዬ ቆረጥኩት።

ኬቪን ብዕሩን አስቀመጠ። "ብዙ ነው የተናገሩት። ሌላስ?"

"የግመል ወሬ ነው፤ ተወው።"

"ስለ ግመል ምን አሉ?"

እየተነጫነጭኩ ተረጎምኩለት። ግመሎቹ እየጨነገፉባቸው ነው፤ ወተቱን ደግሞ ሳያፈሉ ይጠጣሉ። ዶክተሯ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። የእናትየው ደም ሲመረመር ወባ አልነበረም፤ ከእንስሳ ወደ ሰው በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ለብዙ ሳምንት የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ዝናቡ ሲገባ ሱቃችን ድረስ በእግራቸው መጡ፤ ወገባቸው ቀጥ ብሏል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "አላህ ይስጥህ ልጄ፤ ያልኩትን ሳታስቀር አደረስክልኝ" አሉኝ።

አሜን አልኩ። እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ግን አፈርኩ። በሐኪሞች ዛሬም እበሳጫለሁ። ያ ምርቃት ትዝ ሲለኝ ግን የምበሳጨው በራሴ ነው።