መርዶው የጠበቀው ትንፋሽ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ስለዚህ የጓደኛዬ ወንድም የእናታቸውን ሞት ሊናገር ከአገር ቤት ሲደውል፣ የደወለው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር።

እኔ ዐረብ አገር፣ በኤደን ከተማ ክሬተር ሰፈር ውስጥ የአሠሪዬን ደረጃ እያጠብኩ ነበር። በአንድ እጄ መወልወያ በሌላው ስልክ እንደያዝኩ "ምን አገኛቸው?" አልኩት።

"ያው ደረቷ ነው። አፍኗት አደረ፤ ሊነጋ ሲል አለፈች" አለኝ። ቀጥሎም "እንግዲህ አንቺው እንደሚሆን አድርገሽ ንገሪያት። እኛ እዚህ ሆነን ምን እናደርጋለን?" ብሎ ተሰናበተኝ። ወንድ ልጅ ሸክም ማሸከም ይችልበታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እመቤቲቱ ከላይ ሆና "ያላ! ውሃው ደረቀ!" እስክትለኝ ድረስ።

እኔና እሷ የአንድ መንደር ልጆች ነን። በአንድ ጀልባ ባሕሩን ተሻግረን፣ በሳቲን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል አብረን ተከራይተን፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ተጣበን እኔ ክሬተር እሷ መዓላ ሰው ቤት ልናጸዳ እንወርድ ነበር። አስሙን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ክሎር ሲሸታት፣ ምንጣፍ ስታራግፍ፣ የአሸዋው ነፋስ ሲነሳ ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። ተኝታ አታድርም፤ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታንቀላፋው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ለቅሶ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ሕፃን ሞቶ ለቅሶ ስንደርስ፣ እንደ ሰው ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ከንፈሯ ጠቆረ። ከለቀስተኛው መካከል ተሸክመን አውጥተን፣ አላፊ መኪና ለምነን ክሊኒክ አደረስናት።

የጎረቤት ልጅ እንዲህ ካደረጋት የገዛ እናቷ ምን ልታደርጋት ነው? ደረጃው ላይ የያዘኝ ፍርሃት ይኸው ነበር። ብነግራት ትሞትብኛለች።

ቤት ከመግባቴ በፊት ክፍሏን ያከራዩን አሮጊት ዘንድ ሄድኩ። ኻላ እንላቸዋለን፤ በዐረብኛ አክስት ማለት ነው። አባታቸው ከወሎ ወጥቶ ኤደን የወለዳቸው፣ በእንግሊዝ ጊዜ ሆስፒታል ሲያጸዱ ወጣትነታቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው፤ ነርስን እስከ ዛሬ "ሲስተር" ነው የሚሉት። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አላሰቡም።

"ልጄ፣ መርዶ ጤነኛ ደረት ይፈልጋል" አሉኝ። "ይቺ ምስኪን ደግሞ ደረት የላትም። መጀመሪያ ደረት እናብጅላት፤ ከዚያ እንነግራታለን። ነገ ወደ ሲስተሯ ይዘሻት ሂጂ። ምን ብለሽ እንደምትወስጃት አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ማታውን "ደረትሽ ሲያፏጭብኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ነገ ክሊኒክ ካልሄድሽ ከዚህ ክፍል እወጣለሁ" አልኳት። በቁጣዬ ስለምታውቀኝ ምንም አልጠረጠረችም።

የበሳቲን ክሊኒክ ነርስ ሶማሌ ነበረች። ዐረብኛዋ ፈጣን፣ አማርኛዋ ሰባራ፣ ትዕግሥቷ ግን የትየለሌ። ጓደኛዬ እስከዚያ ቀን የምታውቀው ሰማያዊውን በኻኽ ብቻ ነው፤ በኻኽ የሚሉት በአፍ የሚሳበውን የአስም መርጫ ነው። ሲጨንቃት ትስበዋለች፣ ሲተዋት ትረሳዋለች። ነርሷ ቡኒ ቀለም ያለው ሌላ በኻኽ አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችው።

"ሰማያዊው የተዘጋውን ቶሎ ይከፍታል፤ በሽታውን ግን አይነካውም" አለች። "የትንፋሽሽ ቧንቧ ውስጡ አብጧል። እብጠቱን የሚያበርደው ቡኒው ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ ስበሽው ዛሬ አይታወቅሽም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆንሽበትም ቀን።"

"ሳልታመም መድኃኒት?" ብላ ሳቀች ጓደኛዬ። "ወላሂ እሱ ራሱ ነው የሚያሳምመኝ!" ሳቋ ሳል ሆነና እንባዋ እስኪወጣ ሳለች።

ነርሷ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ላይ በኻኹ የሚገባበት ቀዳዳ በጋለ ብረት አበጀች። አፍ ላይ በቀጥታ ሲረጭ ግማሹ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ተረጭቶ በአንገቱ በኩል ቀስ ተብሎ ሲሳብ ግን ደረት ይደርሳል። እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ። ከቡኒው በኋላ አፍን መጉመጥመጥ፣ አለበለዚያ አፍ ይቆስላል። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ "እንግዲያው ከውዱዕ በፊት ነዋ!" አለች። ለሶላት ስንታጠብ አፋችንን እንጉመጠመጥ የለ? ነርሷ ሃሳቡን ወደደችው። ጠዋት ሱብሂ፣ ማታ መግሪብ ላይ፣ መጀመሪያ በኻኽ፣ ከዚያ ውዱዕ።

እሷ ጫማዋን ስታደርግ ነርሷን ወደ ጥግ ወስጄ እውነቱን ነገርኳት። ደረቷ መርዶ የሚችለው መቼ ነው? ነርሷ እጄን ያዘች። ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ግን ደረቷ እንደሚጠነክር፣ ያም ሆኖ በምንነግራት ሰዓት ሰማያዊውና ጠርሙሱ ከእጄ እንዳይለይ አስጠነቀቀችኝ። "ለቅሶን የሚከለክል መድኃኒት ግን የለኝም፣ ኡኽቲ፣ እህቴ" አለችኝ።

እንዲህ ሆነና መርዶውን ይዤ አብሬያት መኖር ጀመርኩ። ጠዋት ውሃ ስቀዳላት "በኻኹስ?" እላለሁ። ማታ ስንገባ "በኻኹስ?" እላለሁ። "አንቺ ልጅ፣ እናቴ እንኳ እንዲህ አልጨቀጨቀችኝም" ትለኛለች።

ተሻላት። መጀመሪያ ማፏጨቱ ቀረ። እኔ በፉጨቷ እንቅልፍ የለመድኩ፣ ዝም ሲል ደንግጬ እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ቀጥሎ እንደ ሰው ጋደም ብላ ማደር ጀመረች። የመዓላ አሠሪዋን ምንጣፍ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳታርፍ እንደወጣች እየዘለለች ነገረችኝ። ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር አመጣች፤ ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለካ ስንቱ ዓመት ትንፋሽ አጥታ ነው ዝም ያለችው። ጉንጯ ሞላ። እኔ ደግሞ እሷ በዳነች ቁጥር እፈራ ነበር፤ ደረቷ ጠና ማለት ቀኑ ቀረበ ማለት ነውና። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እያሳሳቅን የምንወስዳት እኛ ነበርን።

አገር ቤት ስልክ ስትደውል ወንድሟ አንዴ "አክስትሽ ዘንድ ሄዳለች"፣ ሌላ ጊዜ "አጨዳ ላይ ናት" ይላታል። እናቷ ድሮም ስልክ ለማውራት ከተማ መውረድ ስለነበረባቸው አልገረማትም። "ይቺ ሴትዮ በስተርጅናዋ እግር አወጣች!" ብላ ሳቀች አንድ ቀን። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ወጣሁና ከግንቡ ጀርባ አለቀስኩ።

ኋላ ላይ ሰው ብዙ ተናግሮኛል። ለእናቷ ሳታለቅስ ስትስቅ እንድትከርም አደረግሻት፣ ኃጢአት ነው ያሉኝ አሉ። ይበሉ። ከንፈሯ ሲጠቁር ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

አንድ ጁምዓ ከሀሽሚ ገበያ ፊቷ እያበራ ገባች። ለእናቷ የገዛችውን አበባማ ሻሽ ዘርግታ አሳየችኝና ከጡት መያዣዋ በመሐረብ የታሰረ ነገር አወጣች። ቡኒው በኻኽ ነበር።

"አገር የምትገባ ሴት አገኘሁ፤ ከእኛው ወረዳ ናት" አለችኝ። "ከነገ ወዲያ ትሄዳለች። ይሄን ለእናቴ እልክላታለሁ። እኔ እንደሆንኩ አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ። እሷ ናት በዚያ ጭስ ውስጥ ስትታፈን የምታድረው። እኔን ያዳነ እሷን አያድናትም?"

ጆሮዬ አጠገብ አምጥታ ነቀነቀችው። "ስሚው፤ ብዙ አለው።"

ብዙ ሊኖረው አይገባም ነበር። "መቼ ነው የተውሽው?" አልኳት።

"ከተሻለኝ ጀምሮ ነዋ" አለች፤ እንዳታለለች ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት። "አንቺ ጀርባሽን ስታዞሪ አፌን እጉመጠመጣለሁ፤ አንቺ የወሰድኩ ይመስልሻል! ለእሷ እየቆጠብኩላት ነበር።"

ጮኽኩባት። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኽኩ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለአንቺ ነው! ማን ቆጥቢ አለሽ? ማን?"

"ምን ያስጮህሻል?" አለች ግራ ገብቷት። "ለእናቴ እኮ ነው።"

በኻኹንና ሻሹን ተቀብዬ "እኔ አደርስልሻለሁ" አልኩና ሴትየዋን ፍለጋ ወጣሁ። ሴትየዋ ደጇ ላይ ሻንጣ ስታስር አገኘኋት። የማንን ዕቃ እንደያዝኩ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔ የምታውቅ መስሎኝ!" አለች። "ዛሬ ገበያ ስታገኘኝ ደንግጬ ዝም አልኩ እንጂ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ።"

ኻላ ዘንድ ስደርስ የአሸዋው ነፋስ ተነስቶ በር እየደበደበ ነበር። ሁሉን ከሰሙ በኋላ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "ኸላስ፣ በቃ" አሉ። "ከዚህ ወዲያ ከመንገድ ሰው ትሰማዋለች። ደረቷ እንዳለ ይሁን። ነገ ከሱብሂ በኋላ።"

ቤት ስገባ ተኝታለች። ትንሽ ትንሽ ማፏጨት ጀምራ ነበር።

በማግስቱ ሰግደን ሳንጨርስ ሴቶቹ መግባት ጀመሩ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ ሰላምታ ሳያበዙ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። በጠዋት እንዲህ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። እሷም አወቀች። ሴቶቹን አየች፣ ኻላን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ዓይኔ ሲያለቅስ አድሮ አብጧል። ከመስገጃዋ ሳትነሳ በጉልበቷ መጣችና አቀፈችኝ።

"አብሽሪ እህቴ" አለችኝ ጀርባዬን እየደባበሰች። "አብሽሪ፣ እኔ አለሁልሽ። እናትሽ ናቸው? አባትሽ?"

የእኔ መርዶ መስሏት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ዓመት እጄ እምቢ ብሎኛል። ኻላ ናቸው የተናገሩት፤ "ልጄ፣ የአንቺ እናት ናቸው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።" ጀርባዬን የሚደባብሰው እጅ ቆመ። አፏን ከፈተች፤ እንደዚያን ጊዜው ድምፅ አልወጣም። ትከሻዋ ሽቅብ ወጣ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ሰማያዊው የተሰካበትን ጠርሙስ ከጀርባዬ አንስቼ አፏ ላይ ደገንኩት። በእጇ ገፋችው። "ሳቢው!" አልኳት፤ "ሳቢውና አልቅሺ፤ ሳትስቢ አታለቅሺም!" ኻላ ከኋላ ደግፈው ያዟት። ሳበች። እንደገና ረጨሁ፣ እንደገና ሳበች። ሴቶቹ ጮክ ብለው ማልቀስ ፈርተው ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነበር።

ቀስ እያለ ደረቷ ተከፈተ። ከንፈሯ ቀለሙ ተመለሰ። መጀመሪያ ያወጣችው ቃል ጥያቄ ነው።

"ምን ያዛት?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በልብ ነው፣ በእርጅና ነው ማለት እችል ነበር፤ ኻላም በዓይናቸው እንዲያ በይ እያሉኝ ነበር። እኔ ግን መደበቅ ሰልችቶኛል።

"ደረታቸው ነው" አልኩ።

"መቼ?"

"ክሊኒክ ከመሄዳችን በፊት።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኋትም። ሳልልከው ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄው የነበረውን መሐረብ አውጥቼ ሰጠኋት። ቋጠሮውን ቀስ ብላ ፈታች፤ ቡኒውን በኻኽ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ አዳመጠችው።

"ገና አላለቀም እኮ" አለች።

ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።