ከዘይት ካርቶን የቆረጥኳቸው ካርዶች

በክረምቱ ስልጠና ላይ ትምህርትን በጨዋታ አስተምሩ ተባልን። ካርዱን ከየት እናምጣ ብንል፣ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ነገር ሥሩ አሉን። በእኔ አካባቢ የተገኘው ፒያሳ ካለ ሱቅ የለመንኩት የዘይት ካርቶን ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቴ እስካለበት እስከ ፀዳ በባጃጅ ጭኜ፣ እጄ እስኪላጥ ቆረጥኩት። ባንዱ ካርድ ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ በሌላው መልሱን፤ ባንዱ ልብ፣ በሌላው ሥራውን ጻፍኩ። ልጆቹ ደፍተን ከዘረጋነው ላይ ሁለት ሁለት እያነሱ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ የሚዛመዱትን ይወስዳሉ፤ የማይዛመዱትን መልሰው እዚያው ይደፋሉ።

ስልሳ ልጅ ባንዴ ሲንጫጫ ራሴን ያዞረኛል። ከሁሉም የምታሸንፈው ግን የመሪጌታው ልጅ ነበረች። አባቷ ደቀ መዛሙርቱን በቃል ሲያስጠኑ እየሰማች ያደገች ናት፤ አንዴ የሰማችው አያመልጣትም። ሳይንስ በሉት ሒሳብ፣ ካርዱን ሁሉ ጠራርጋ ትወስዳለች። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ንባብ ለሚከብዳቸው ከሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ትውጣ ብዬ ርዕሰ መምህሩን ወተወትኩት። እሺ አለኝ።

ከዚያ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የዘይት ማስታወቂያ ያለበትን የካርዶቹን ጀርባ ሳየው አፈርኩና በሁሉም ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ። በማግስቱ እንግዶቹ ፊት እሷን አስቀድሜ አስነሳሁ። አንድ ካርድ አነሳች። ጀርባውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ እንደገና ጀርባውን አየች። አንብቢ እንጂ አልኳት። ካርዱን መልሳ ደፋችው። እንግዶቹ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ፤ እኔ በንዴት ጦፍኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለብቻዋ ጠርቼ ምን ሆነሽ ነው ያዋረድሽኝ አልኳት።

«ምነው ቲቸር፣ ጀርባውን ሸፈኑት» አለችኝ። «የሱፍ አበባው ቅጠል ያለበት ልብ ነበር። የጠርሙሱ ክዳን ያለበት ሃምሳ ስድስት ነበር። ሌሎቹ ሲያነቡ እሰማና እይዘዋለሁ።»

«ፊደሉንስ?»

«ፊደሉን አላውቀውም።»

ንዴቴ መሄጃ አጣ። ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ አራት ወር ሙሉ ባሸነፈች ቁጥር ክፍሉን አስጨበጭብላት ነበር። አንዲት መስመር አንብቢልኝ ብያት ግን አላውቅም።