የሻምበል ድልድዩ ባዶ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ የባሏን የማዕረግ ኮት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተኮሰች። ግራ እጁን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣውን፣ አንድ ድልድይ ብቻውን ይዞ አደረ የተባለለትን ሰው የማያውቅ ማን አለ! ትልቅ ትንሹ «ሻምበል ድልድዩ» ነው የሚለው። ጦር በዘመተ ቁጥር ምልምሎቹ ባዶ እጅጌውን ሳይነኩ መኪና ላይ አይወጡም፤ የነካ በሕይወት ይመለሳል ይባላል። ስንቱ ነክቶ እንደቀረ ግን የሚያነሳ የለም።

ዘንድሮ ዘመቻው ባሕር ማዶ ነው፤ የሰው አገር ሊይዙ። ሻምበል ኮቱን እየለበሰ፣ «ዛሬ ሽኝቱ ላይ እውነቱን እናገራለሁ» አላት።

ክው አለች። የሚኖሩበትን ቤት መንግሥት ነው ለጀግንነቱ የሰጠው፤ ንግግሩ ካላማረ ነገ ሜዳ ላይ ናቸው።

«ዝም አይነቅዝም፣ የኔ ጌታ» ብላ ለመነችው። «በእርጅናዬ ጎዳና ልታወጣኝ ነው? ሁለት ቃል ተናገርና ውረድ።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። አኩርፋ ከኋላ ከኋላው ሄደች።

አደባባዩ ጢም ብሏል። የመጀመሪያው ምልምል እጁን ሲዘረጋ ሻምበል መድረኩ ላይ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገና ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«አትንኩት ልጆቼ። ድልድዩ የእኛ አልነበረም፤ ባለአገሮቹ ቤታቸው እንዳይገቡ ነው የዘጋንባቸው። ስቆስል ከእነሱ አንዱ ሸሚዙን አውልቆ ክንዴን አሰረልኝ። የእኛ ሰዎች ደርሰው እሱን ገደሉት፣ እኔን ሸለሙኝ። እናንተም የምትሄዱት እንደሱ ያለ ሰው ቤት ነው። ከእንግዲህ ማንንም አልሸኝም።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ዘመን በእንቅልፉ «ሸሚዙን! ሸሚዙን!» እያለ ሲቃዥ፣ እሷ የደንበኛ ልብስ ጠፍቶበት እየመሰላት ስትስቅበት ኖራለች። ጥይት ፊት የቆመ ሞልቷል፤ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ፊት እንዲህ የቆመ ግን በዕድሜዋ አላየችም። ይህን ሰው ነው ዝም በል ያለችው! አፈረች፤ ኮራችም።

የምልመላው ኃላፊ ፊቱ አመድ መስሎ ተጠጋ። «ሻምበል፣ የሚኖሩበት ቤት የማን እንደሆነ ረሱት?»

ሚስቱ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መድረኩ ላይ ወጣች። የቤቱን ቁልፍ ከጉያዋ አውጥታ ኃላፊው መዳፍ ላይ አኖረችው።

«እንካ ልጄ። ሳይመሽ ዕቃችንን እናወጣለን። የስፌት መኪናዬ ከባድ ናት፤ ከእነዚህ ልጆች ሁለቱን አውሰኝ።»

ኃላፊው ቁልፉን ሳይጨብጥ ከምልምሎቹ ሰልፍ አራቱ ወጡ።