የረሳኋት ሽቦ

ይቺን ስንዝር የማትሞላ ጥቁር ሽቦ ዛሬ መሳቢያ ስጎረጉር አገኘኋትና ብቻዬን ሳቅሁ። እሷን ሳልሰካ ረስቼ ስንት እንዳለቀስኩ ብታይ!

ያኔም ሱሉልታ ነበርን። ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ትታ ሩጫ ከጀመረች ወዲህ አባባ አኩርፏታል። በአንድ ማዕድ እየበሉ ሁለት ዓመት አላናገራትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ልትወዳደር ስትሄድ በር ላይ አቀፈችኝና፣ "ቅጂልኝ እሺ? ስሮጥ ራሴን አይቼ አላውቅም እኮ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ተማሪ፣ ጉራዬ አይጣል ነበር! ቤታችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ ቴሌቪዥን የሚያሳይና የሚቀዳ ካርድ ተውሼ አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ገጠምኩ። ስከፍተው የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ዝናብ የመታው ጎረቤት ሁሉ ከነእርጥብ ጋቢው ክፍሏን ሞላት። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ እኛ ከታች "መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፣ መልሰው!" እያልን እንጮሃለን። ድንገት ምስሉ ጠራ። እህቴ! መቅጃውን ተጫንኩ። አባባ በሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ቤቱ ተናወጠ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አራተኛ ወጣች! ተቃቅፈን ዘለልን።

ሰው ሲበተን የቀዳሁትን ከፈትኩት። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ድምፁ ግን የእኛ ጫጫታ ብቻ! ከካርዱ ድምፅ የምታቀብለውን ይቺን ሽቦ ስላልሰካሁ ኮምፒውተሩ የሰማው ጠረጴዛው ላይ ባለው ማይክ ነበር። ጋዜጠኛው ስሟን ሲጠራ እንኳ አይሰማም፤ ስናይም በጫጫታችን መሃል ድምፅ እንደሌለው ልብ ያለ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፤ የእኔም ነገር እንደዚያው ሆነ።

እህቴ ስትመለስ እያፈርኩ አሳየኋት። የመጨረሻው ዙር ላይ ስትደርስ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ ይሄ ማነው?"

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩላት። ከእናቴ እልልታ ስር አንድ ሻካራ ድምፅ፣ "ፊጊ! ፊጊ፣ ኢንተላ ኮ!" ይላል። ሩጪ፣ ሩጪ ልጄ! አባባ ነው። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ጩኸት ማንም አልሰማውም ነበር።

ደጋግማ አስመለሰችኝ። ከዚያ አባባ ወደተቀመጠበት ግቢ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ቀና ብሎ አያትና፣ "እግርሽን አላመመሽም?" አላት።

አባባ ካረፈ ቆየ። እህቴ እኔ ጋ በመጣች ቁጥር "እስቲ ክፈቺልኝ" ትላለች። ከፍቼላት ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። ያን የመጨረሻ ዙር ስትሮጥ ራሷን እስከ ዛሬ አላየችም።