መርዶ የተናገረው ማሽን

ለቴሌቪዥን የምጽፈው ድራማ ጠፈር ላይ ነው የሚካሄደው። የምንቀርጸው ግን ለቡ ውስጥ በተከራየነው መጋዘን ነው፤ መንኮራኩራችንም ብርማ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ስድስተኛው ክፍል ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አብራሪው የተበላሸ የአየር ማጣሪያ ሲጠግን፣ ምድር ላይ ወንድሙ ይሞታል። መርዶው የሚደርሰው ለመንኮራኩሩ ኮምፒውተር ነው። ሰውዬው በየመሀሉ "ከምድር ምን ተሰማ?" ይላል፣ ማሽኑ ወሬ ይቀይራል። አየሩ እያለቀ፣ ሰውዬው ጥገናውን ሳይጨርስ፣ ማሽኑ ድንገት "ወንድምህ ሞቷል" ይለዋል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው እህል መቅመሱ ተጣርቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው።

እኔም ይህን እያወቅኩ ነው የተሳሳትኩት። የእናቴ ወንድም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እኔና እናቴ ነበርን የምናስታምመው። አንድ ቀን ልብስ ቀይራ ልትመለስ ወደ ጀሞ ሄደች። ወዲያው አጎቴ እጄ ላይ አረፈ። መንገድ ላይ ሆና ደውላ "እንዴት ሆነልኝ?" ስትለኝ አፌ አላስችል አለኝ፤ ነገርኳት። ታክሲ ውስጥ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል ጮኸች። ጩኸቷን በስልክ ሰማሁት። ይኸው አምስት ዓመት ሆነ፤ እሷም አንስታው አታውቅም፣ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

ክፍሉ እሁድ ከሰዓት ተላለፈ። አንድ ሃያሲ በሬዲዮ "ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ነው" ብሎ አወደሰኝ። ሌላው ደግሞ በዩቲዩብ "ጸሐፊው ከየት አገር ነው የመጣው? መርዶ እንዲህ ይነገራል? ነውር ነው!" እያለ ወረደብኝ። ያመሰገነኝን አንዴ፣ የሰደበኝን አራቴ ሰማሁት። በንዴት ረጅም መልስ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ሰውዬው ያለው ሁሉ እውነት ነበራ። ብሎካችን ሥር ያለችው ባለሱቅ ሳትቀር "ያንን ማሽንህን ወደ እኔ እንዳትልከው፣ ዘመድ አለኝ" ብላ አሾፈችብኝ።

የፈራሁት ግን እናቴን ነበር። እሁድ ዕለት አላየችውም ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት በድጋሚ ሲተላለፍ ቤቷ ተገኘሁ። ጎረቤቷም መጥታለች። እናቴ ምስር እየለቀመች ታያለች። ማሽኑ ሲናገር እጇ ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ። እኔ በሩን ማየት ጀመርኩ።

"ኧረ ይሄ ልብ የሌለው!" አለች ጎረቤቷ። "እስኪጨርስለት ቢታገሥ ምን ነበረበት?"

"አትስደቢው" አለች እናቴ። "ያን ሁሉ ሰዓት ብቻውን ይዞት ነበር እኮ። የሚያካፍለው ሰው ቢያገኝ መቼ እንዲህ ያወጣው ነበር?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እኔ ነኝ ጥዬህ የሄድኩት፣ ልጄ። ለልብስ ብዬ! ሬሳ ታቅፈህ ብቻህን አስቀረሁህ። አንተ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስሙን እንኳ አታነሳም፤ ተቀይመኸኝ ነው እያልኩ ስፈራህ ኖርኩ።"

ጎረቤቷ ግራ ገብቷት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እኔ ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጡብኝ፤ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና አምስት ዓመት ሙሉ ሳንጠራው የኖርነውን የአጎቴን ስም ጠራሁላት።