በስክሪኑ ጥግ ያለው ዘመን

በደብረ ኤልያስ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኔ የተማርሁት ምጣኔ ሀብት ነው። ይህን ለየኔታ ለመንገር ብዙ ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል።

የኔታ የአጥቢያችን የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ የዘመን ቆጠራን፣ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን ማውጣት ያስተምራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ ዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው ያስተማሩትን እየነገሩኝ በሰበካ ጉባኤው ቢሮ ኮምፒውተር ጻፍሁላቸው። መቶ አርባ ገጽ ወጣው። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ደብረ ማርቆስ ተልኮ ተጠገነ። ጠጋኙ ጽሑፉን አትርፎታል፤ የጻፍሁበት የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ግን ጠፍቷል። ጽሑፉን ስከፍተው ገጹ ሁሉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጠብጣብ ሆኖ መጣ።

«አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ተማሪዎቼ በእኔ ስም ሲሳሳቱ ይኖራሉ» አሉ የኔታ። «በዓይኔ ሳላየው አይታተምም።» ግራ ዓይናቸው ካበቃለት ቆይቷል። ቀኙም ብዙ እንደማይሰነብት ሐኪም ነግሯቸዋል።

ፕሮግራሙ በፍላሽ ስለነበረኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ልጭነው ስል አንድ የሲስተም ፋይል ጠፍቷልና አልጫንም አለኝ።

«ምን ይላል?» አሉ የቢሮው ጸሐፊ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ፋይል ጠፍቷል ይላል፣ ጋሼ።»

«ማን ወሰደው? ቢሮውን የምቆልፈው እኔ ነኝ። እኔን ነው የሚጠረጥረው?»

የራሴ ላፕቶፕ አዲስ ስለሆነ ያን አሮጌ የግእዝ ፕሮግራም አይቀበልም፤ በማግስቱ ግን የጠፋውን ፋይል ከእሱ ገልብጬ አመጣሁ። ቦታው ካስገባሁት በኋላ ደግሞ ይህ ፋይል ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም አለኝ። የሞከርሁትን ሁሉ በደብተር እየጻፍሁ ነበር፤ ደብተሩ ሲሞላ የማውቀው ነገር ግን አልጨመረም። ከአንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ፋይሉን ከነቤተሰቡ የሚጭን ሌላ ፕሮግራም ለምኜ አመጣሁ። እሱም ሠሪው ያኖረበትን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልተቻለም ብሎ ቆመ።

«ደግሞ ፊርማ?» አሉ ጸሐፊው መሳቢያቸውን እየሳቡ። «ማኅተምም ካስፈለገው ይኸውልሽ። እቴ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?»

እየሳቁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፊቴ ጋለ። ጠጋኙ ጋ ስደውል «ይዘሽው ነይ፣ እህቴ» አለኝ። ያን ሰሞን ወደ ማርቆስ መንገድ ዝግ ነበር። «እንግዲያ ሲከፈት» ብሎ ዘጋው።

የኔታ በየቀኑ ከጉባኤ ቤት መልስ በምርኩዛቸው እየዳበሱ ይመጡና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አይጠይቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ግንባራቸው ተልጦ መጡ። «መቃኑን ሳላየው ቀረሁ» አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። እኔ ያንኑ ቁልፍ ደግሜ ተጫንሁ፤ ያው መልእክት ደግሞ መጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት ሲመጣ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ድረ ገጽ ልከፍት ስል «የኮምፒውተርዎ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል መጣ። ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ።

ኮምፒውተሩ ከጥገና በመጣ ዕለት የኔታ ቀኝ ዓይናቸውን ጥጉ ላይ ደቅነው፣ «ይህ የማን ዘመን ነው?» ብለውኝ ነበር።

«የፈረንጆች ነው፣ የኔታ።»

«ባሕረ ሐሳብ በተጻፈበት ላይ? አስተካክዪው እንጂ፣ ልጄ!»

አስተካከልሁት። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ሳይቀር በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት። ኮምፒውተሩ የእኛን ዘመን እንደማያውቅ፣ ለእሱ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ምን ሊጎዳ ብዬ፣ ደግሞም የኔታን እምቢ የምልበት አፍ አጥቼ፣ አደረግሁት። ለካ ኮምፒውተሩ የጓደኛዬን ፕሮግራም የሚመልሰው ፊርማው ገና ባልመጣ ዘመን የተፈረመ እየመሰለው ነበር።

ዘመኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስሁት። የጓደኛዬ ፕሮግራም ያለ አንድ ቃል ተጫነ፤ የግእዙም ተከተለው። ጸሐፊው አጨበጨቡልኝ። እኔ ደስ ማለቱን ትቼ ሳምንቶቹን ነበር የማስበው።

የኔታ ተጠርተው መጡ። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ።

«ጥቁር ጥቁር አያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ፊደሉን ግን አልለየውም።»

አጎላሁት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሜ አጎላሁት፤ ደግሜ። ሁለት ቃል ብቻ ስክሪኑን ሲሞላው ጣታቸውን አነሱ።

«በስመ… አብ» አሉ። «ይኸው። ቀጥዪ።»

ሁለት ሁለት ቃል እያሳለፍሁላቸው እስከ ሠርክ ግማሽ ገጽ አነበብን። የቀረውን ገጽ በልቤ አሰላሁና ማስላቱን ተውሁት። በጥጉ ላይ የፈረንጆቹ ዘመን በደቃቅ ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ አሁን ሊያዩት አይችሉም።

«ለመሆኑ ችግሩ ምን ኖሯል?» አሉኝ ድንገት።

ብነግራቸው ያ ሦስት ሳምንት የእሳቸው ጥፋት ይሆናል። ያዘዙት እሳቸው ናቸዋ። አይሆንም ማለት የነበረብኝ ግን እኔ ነበርሁ።

«የሲስተም ፋይል ነበር፣ የኔታ» አልኋቸው።

«እንዲያ ነው?» አሉና ዓይናቸውን እንደገና ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ቀጥዪ፣ ልጄ።»