ቀዳዳው ይቀራል

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚሄደው ሚኒባስ አንዲት ወጣት ከፊቴ ተቀምጣለች። አዲስ ክራንች ጉልበቷን ተደግፏል፤ በመዳፏ ቀዳዳ የበዛባት ነጭ ነገር ይዛለች። እንባዋ በእንሰት ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ሊንጠባጠብ ደርሷል።

«እህቴ፣ የነጭ ጤፍ ድርቆሽ ነው እንዴ? ጋብዢና!» አለ ሾፌሩ።

«አጥንት ነው። ክትፎ ቤት የጣለውን የበሬ አጥንት በላቦራቶሪ አቃጥዬ ፈጨሁት፤ በጥብጬ ስፖንጅ ነከርኩበት። እሳት ሲገባ ስፖንጁ ነዶ ያልቃል፤ ቀዳዳው ይቀራል። በተጎዳ እግር ሲተከል የሰው አጥንት በዚያ ገብቶ እንዲያድግ ነው።»

«ታዲያ ክራንቹ ለምን?»

«ይሄ በሰው ገና አልተሞከረም። የወንድሜን እግር ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቆረጡት። ሲያልቅ አሳይሃለሁ ብዬው ነበር።»

ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረደች። ክራንቹን በብብቷ ይዛ፣ ነጯን ከነፋስ በነጠላዋ ሸፈነቻት፤ ለእግሩ ገና የምትደርስለት ይመስል።